ጥቃቱ አደገኛ ሲሆን የወላጅ ድርሻ፦ የአንድ መጽሐፍና የአንድ ሕግ ሂሳዊ ምርመራ

መግቢያ

በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ ጉልበተኛ ተማሪዎች ደካማውን ጓደኛቸውን እየደጋገሙ ማጥቃታቸው ለመምህራንም ሆነ ለወላጆች እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ «የልጆች ጠብ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አብዛኛውም በእርግጥ ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል። ሆኖም ከዚህ መካከል አንዳንዱ ልኩን አልፎ ወደ አካል ጉዳት፣ ከትምህርት ገበታ ወደ መቅረት፣ ከዚያም ብሶ ሕይወትን ወደ ማጣት ያደርሳል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ዘገባ በዓለም ዙሪያ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ያህል፣ ማለትም 32 በመቶው፣ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በትምህርት ቤት በእኩዮቹ መጠቃቱን ያመለክታል።

የችግሩ ስፋት ይህን ያህል በመሆኑ ስለ ጉዳዩ የተጻፈው ብዙ ነው። ከተጻፈው ውስጥ ግን አብዛኛው የሚናገረው ለመምህሩና ለርዕሰ መምህሩ ነው። ልጁ ደም ለብሶ ወደ ቤት የገባበት ወላጅ በዚያ ምሽት ምን ማድረግ እንደሚገባው፣ በማግስቱም ከትምህርት ቤቱ በር ሲደርስ ማን ሊቀበለውና ምን ሊመልስለት እንደሚገባ የሚያስረዳው ጥቂት ነው። ስለሆነም በዚህ መስክ ስማቸው የሚጠራ ሁለት ሥራዎችን፣ ይኸውም አንድ የኖርዌይ መጽሐፍና አንድ የጃፓን ሕግ፣ በዚህ በተጨነቀ ወላጅ ዓይን መመርመር ተገቢ ይሆናል። የምርመራውም ጥያቄ አንድ ነው፦ አደጋ ሲመጣ የወላጁ ቃል ትምህርት ቤቱን ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም?

የኖርዌዩ መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በ1982 ዓመቱ ሊገባደድ ሲል በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ወንድ ልጆች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ለዚህም ያደረሳቸው በእኩዮቻቸው የተፈጸመባቸው ከባድ ጥቃት ሳይሆን እንዳልቀረ ታመነ። ሐዘኑ ሕዝቡን ስላነሣሣ የአገሩ የትምህርት ሚኒስቴር በ1983 መላውን አገር ያቀፈ ዘመቻ ከፈተ። ለዘመቻው መሠረት የሆነውን ጥናት ያካሄዱት በበርገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት፣ በ2020 ያረፉት ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዳን ኦልቬውስ ናቸው። የደረሱበትንም በ1993 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት አነስተኛ መጽሐፍ ለመምህራንና ለወላጆች አቅርበውታል።

የመጽሐፉ ታላቅ አስተዋጽኦ ነገሩን ከተራ ጠብ መለየቱ ነው። እንደ ኦልቬውስ አባባል ጉልበተኝነት ለመባል ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ድርጊቱ ሆን ተብሎ ለመጉዳት የተፈጸመ፣ በጊዜ ብዛት የሚደጋገም፣ በአጥቂውና በተጠቂው መካከልም የኃይል አለመመጣጠን ያለበት መሆን ይገባዋል። ሁለት እኩያሞች ሜዳ ላይ ቢደባደቡ ጠብ ነው፤ ሦስቱ አንዱን በየቀኑ ከመጸዳጃ ቤት ጀርባ እየጠበቁ ሳንቲሙን ቢቀሙት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ልዩነት ለመምህሩ ቀላል ቢመስልም ከፍ ያለ ጠቀሜታ አለው። ምክንያቱም ለጠብ የሚሆነው መድኃኒት፣ ማለትም «ሁለታችሁም አጥፍታችኋልና ተጨባበጡ» ማለት፣ ለጉልበተኝነት ሲሰጥ በሽታውን ያባብሳል።

በ715 ትምህርት ቤቶች ከ130,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት የ1983 መጠይቅ፣ 15 በመቶ ያህሉ ተማሪዎች አጥቂ ወይም ተጠቂ ሆነው በችግሩ ውስጥ መግባታቸውን አሳየ። በሰፊው ይታመኑ የነበሩ አንዳንድ ሐሳቦችም ውድቅ ሆኑ። የክፍሉ ወይም የትምህርት ቤቱ ትልቅነት ለጥቃቱ መብዛት ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። ጥቃቱ የሚበዛውም ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ሳይሆን በራሱ በግቢው ውስጥ ነው። በዕረፍት ሰዓት የሚቆጣጠሩ መምህራን በበዙበት ደግሞ ጥቃቱ አንሶ ተገኝቷል። የመጨረሻው ነጥብ ከፍ ያለ በጀት ሳይሆን የተረኛ መምህር ዝርዝር ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ ለዕቅድ አውጪዎች ልዩ ትርጉም አለው።

የዚህ ሥራ ጥንካሬ ይህ ሆኖ ሳለ ወላጅን በተመለከተ ሁለት ጉድለቶች ይታዩበታል።

የመጀመሪያው ከመጽሐፉ ከራሱ አኃዝ የሚነሣ ነው። መጽሐፉ ወላጅ ልጁ መጠቃቱን ሲጠረጥር ፈጥኖ ከክፍሉ ኃላፊ መምህር ጋር እንዲነጋገር፣ ልጁ «አትንገሩብኝ» ብሎ ቢለምንም ጉዳዩ ተደብቆ እንዳይቀር ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ እንደተገለጸው ከተጠቁት የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች 40 በመቶ ያህሉ፣ በከፍተኛው ደረጃ ካሉት ደግሞ 60 በመቶ የሚጠጉት፣ መምህራን ጥቃቱን ለማስቆም የሚሞክሩት አልፎ አልፎ ብቻ ወይም ከናካቴው አለመሆኑን ተናግረዋል። እንግዲህ ወላጁ የተላከው ብዙ ጊዜ ወደማይከፈት በር ነው ማለት ነው። በሩ ሳይከፈት ሲቀር ወላጁ ወዴት መሄድ እንዳለበት መጽሐፉ በግልጽ አያሳይም። ሐሳቡ ሁሉ የተመሠረተው ትምህርት ቤቱ ፈቃደኛና ትጉ ነው በሚል እምነት ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ቀላሉንና አደገኛውን ጥቃት በአንድ መሰላል ላይ ማስቀመጡ ነው። በቅጽል ስም መጥራትና በምላጭ ማስፈራራት ሁለቱም በውይይት ይጀመራሉ፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ለዕለት ተዕለት ሥራ ይህ መልካም ነው። ሕይወት አደጋ ላይ በሚሆንበት ጊዜ ግን መሰላል በየደረጃው የሚወጣበት ጊዜ የለም። ወላጁ በዚህ ሰዓት የሚያስፈልገው ከታችኛው ደረጃ በቀጥታ ወደ ላይኛው የሚያደርሰው መንገድ ነው።

በመጽሐፉ ዘዴ ውጤታማነት ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በበርገን 42 ትምህርት ቤቶችና 2,500 ያህል ተማሪዎችን ባቀፈው ክትትል ጥቃቱ በግማሽ ያህል መቀነሱ ተመዝግቧል። በዚያው በኖርዌይ በሮጋላንድ አውራጃ ዘመቻው ከተጀመረ ከሦስት ዓመት በኋላ የተደረገው ሌላ ጥናት ግን እንዲህ ያለ ውጤት አላገኘም። የሁለቱ ልዩነት በአብዛኛው የሚያያዘው ትምህርት ቤቶቹ ሥራውን በተግባር ከያዙበት ትጋት ጋር ነው። ማርያ ቶፊና ዴቪድ ፋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት፣ 44 ግምገማዎችን ባጠቃለለው ጥናት፣ ፀረ ጥቃት መርሐ ግብሮች ማጥቃትን በአማካይ ከ20 እስከ 23 በመቶ እንደሚቀንሱ ታውቋል። ከተሻለ ውጤት ጋር ተያይዘው ከተገኙት ሥራዎች መካከል የወላጆች ስብሰባና ሥልጠና፣ የሜዳ ቁጥጥር፣ ጽኑ የዲሲፕሊን ሥርዓትም ይገኙበታል። ከዚህ እንደሚታየው ወላጅ በመርሐ ግብሩ ዳር የሚቀመጥ ጌጥ ሳይሆን ከዋና ዋናዎቹ ምሰሶዎች አንዱ ነው።

የጃፓኑ ሕግ

ጃፓን መጽሐፉ የተወውን ክፍተት በሕግ ለመድፈን ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 በኦትሱ ከተማ አንድ የ13 ዓመት ተማሪ በእኩዮቹ ሲሠቃይ ቆይቶ ሕይወቱን አጠፋ። የከተማው የትምህርት ቦርድ ምርመራውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዘጋ። አባት ለፖሊስ ያቀረቡት አቤቱታም ተቀባይነት ያገኘው ነገሩ በ2012 የመላው አገር መነጋገሪያ ከሆነ በኋላ ነበር። ከውጭ የተሰየመው አጣሪ ኮሚቴ በጥር 2013 ጥቃቱ ለልጁ ሞት ቀጥተኛ ምክንያት መሆኑን አረጋገጠ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ምክር ቤቱ ጥቃትን የመከላከል ሕግ አወጣ፤ ከመስከረም 28 ቀን 2013 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ።

ሕጉ ከመጽሐፉ የሚለይባቸው ነጥቦች ለወላጅ ጉዳይ ዋነኞች ናቸው። በአንቀጽ 2 ጥቃት መኖሩ የሚመዘነው በዋነኛነት የተጠቃው ልጅ በሚሰማው የአካል ወይም የመንፈስ ሥቃይ ነው። በአንቀጽ 22 እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ጉዳዩን የሚከታተል ቋሚ አካል እንዲያቋቁም ታዟል። በአንቀጽ 23 በልጅ ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት ላይ ከባድ ጉዳት ሊደርስ የሚችል ሲሆን ትምህርት ቤቱ ወዲያውኑ ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት። በአንቀጽ 28 ደግሞ ልጁ በጥቃት ምክንያት በሕይወቱ፣ በአካሉ ወይም በንብረቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ከትምህርት ቀርቷል የሚል ጥርጣሬ ሲኖር «ከባድ ሁኔታ» ተብሎ ምርመራ እንዲካሄድ ተደንግጓል። ለረጅም መቅረት መለኪያ ሆኖ የተወሰደው በዓመት 30 ቀን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕጉን ተከትሎ በወጣው መሠረታዊ መመሪያ ውስጥ የሚገኘው ድንጋጌ ነው። ይኸውም ተማሪው ወይም ወላጁ ከባድ ጉዳት ደርሷል ብሎ ሲያመለክት፣ ትምህርት ቤቱ በዚያን ጊዜ «ነገሩ ከባድ አይደለም» ብሎ ቢያስብ እንኳ፣ ከባድ ሁኔታ እንደተፈጠረ ቆጥሮ ሪፖርት የማድረግና የመመርመር ግዴታ አለበት የሚል ነው። የወላጅ ቃል እዚህ ላይ ከልመና ወደ መብት ተሸጋግሯል። የመጽሐፉ ወላጅ ያልተከፈተው በር ፊት ቆሞ ቀርቶ ነበር፤ በመመሪያው መሠረት ግን በሩን የመክፈቱ ግዴታ በትምህርት ቤቱ ላይ ወድቋል።

ሆኖም ሕጉም ከሂስ የሚያመልጥ አይደለም። አንቀጽ 28 በአመዛኙ የሚነቃው ጉዳት ከደረሰ ወይም ልጁ ከትምህርት ከራቀ በኋላ ነው፤ ይህም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ብሂል ያስታውሳል። ከዚህም በላይ የተጻፈ ሕግ ብቻውን በቂ አለመሆኑ በአሳሂካዋ ከተማ ታይቷል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ለትምህርት ቤቱ ደጋግመው ቢያመለክቱም ጉዳዩ በጊዜው በሕጉ መሠረት እንደ ጥቃት አልተያዘም። ልጅቷ በ2021 ሞታ ተገኘች። ጥቃት እንደነበረ በይፋ የተረጋገጠው በ2022 ነው። ሕጉም፣ መመሪያውም፣ የእናት ጩኸትም በአንድ ላይ ነበሩ፤ የጎደለው ቃሉን ተቀብሎ በመዝገብ የሚያሰፍርና ተጠያቂ የሚሆን ሰው ነበር።

በአንጻሩ ሕጉ የመመዝገብ ልማድን ማጠናከሩ ሊዘነጋ አይገባም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2023 የትምህርት ዘመን የተመዘገቡት የጥቃት ድርጊቶች 732,568፣ ከባድ የተባሉት ደግሞ 1,306 ነበሩ። የአገሩ ሚኒስቴር የቁጥሩን ከፍ ማለት እንደ ትምህርት ቤቱ ነውር ብቻ ሳይሆን የመምህራን ዓይን እንደተከፈተ ምልክትም አድርጎ ያየዋል። ርዕሰ መምህሩ ብዙ በመመዝገቡ የሚወቀስበት ሥርዓት መደበቅን ያስተምራልና ይህ አመለካከት ብልህነት ነው።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ወላጅ የሚገባበት በር

ከላይ የተገለጸው ምርመራ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያለው ትርጉም «ወላጅ አምጣ» ከሚለው የታወቀ ትእዛዝ ሊጀምር ይችላል። በዚህ ትእዛዝ መሠረት ወላጅ ወደ ግቢው የሚገባው ልጁ ሲያጠፋ ነው። ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ፊት ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ይወቀሳል፣ ፈርሞ ይወጣል። ልጁ የተጠቃበት ወላጅ ግን በዚህ ልማድ ውስጥ የተዘጋጀለት ቦታ የለውም። ሲመጣም ብዙ ጊዜ የሚስተናገደው በዚያው በተከሳሽ በር በመሆኑ «ልጅዎ ደግሞ ምን አድርጎ ነው?» በሚል ጥያቄ ይጀመርለታል። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረትም በብዙ ቦታ የሚታወቀው ለግንባታና ለመዋጮ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው፤ የልጅን ደኅንነት ቋሚ የስብሰባ አጀንዳ ማድረግ ግን ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።

ሌላው መታየት ያለበት ዕርቅ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ የሁለቱን ቤተሰቦች ቂም ማብረዱ የተከበረ ባህል ነው፤ ጠቡ ወደ ወላጆች እንዳይሸጋገር ይከላከላል። ነገር ግን ዕርቅ የሚሠራው በእኩያሞች መካከል ነው። ወላጆች ይቅር ተባብለው፣ ልጆቹም ተሳስመው ከተሸኙ በኋላ የተጠቃው ልጅ በማግስቱ እዚያው ወንበር ላይ ከአጥቂው ጎን ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ የታረቁት ቤተሰቦቹ እንጂ ልጆቹ አይደሉም። ስለዚህ ዕርቅ ከደኅንነት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ በደኅንነት ምትክ ግን ሊቆም አይገባውም።

በወላጆች ዘንድ የተለመዱት ሦስት ምላሾችም ሊመረመሩ ይገባል። «አንተም ምታው» የሚለው ምክር የኃይል ሚዛኑ የተዛባ መሆኑን ይዘነጋል፤ ደካማውን ልጅ ወደ ባሰ ጉዳት፣ አንዳንዴም ስለት ወደ መያዝ ይመራዋል። ወላጁ ራሱ ሄዶ አጥቂውን ልጅ ቢገሥጽ ወይም ቢመታ ደግሞ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ይለወጣል። መምህሩን «ግረፍልኝ» ማለትም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ይጻረራል፤ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳለው ደንግጓልና። ሦስቱም ምላሾች ከፍቅር የመነጩ ናቸው፤ ሦስቱም ግን ልጁን አያድኑትም።

ከወላጅና ከትምህርት ቤት የሚጠበቀው

ወላጅ አደጋን ከተራ ጠብ የሚለይባቸው ምልክቶች አሉ። ድንጋይ፣ ዱላ ወይም ስለት ጥቅም ላይ መዋሉ፣ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ዛቻው፣ በማስፈራራት ገንዘብ መቀበል፣ ልጁ ምክንያቱን ሳይናገር ትምህርት ቤት መሄድን እምቢ ማለቱ፣ በተለይም «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከአፉ መውጣቱ በማንኛውም ምክንያት ሊናቁ አይገባቸውም። የመጨረሻው ሲሰማ ልጁ ብቻውን እንዳይተው መጠበቅና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ግድ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሥራው ቅደም ተከተል ልጁን ከማዳመጥ ይጀምራል። ወላጁ እንደ መርማሪ ሳያጣድፍ ያዳምጠው፤ «ለምን ዝም አልህ?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ያቆየው። ጉዳት ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ያሳክመው፤ የሕክምና ማስረጃም ይቀበል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያዩትን ሰዎች በጽሑፍ ይያዝ። በማግስቱ ለርዕሰ መምህሩ የሚያቀርበው አቤቱታ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ይሰጠው፤ ቅጂውም በእጁ ይቅር። ልጁ ከአጥቂዎቹ የሚለይበት መንገድ እስኪወሰን ድረስ በጥበቃ እንጂ ብቻውን ወደ ግቢው አይመለስ። መልስ ከዘገየ ጉዳዩን ለኅብረቱና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያድርስ። ስለት፣ ከባድ ድብደባ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ካለ ግን የትምህርት ቤቱን መልስ ሳይጠብቅ በቀጥታ ለፖሊስ ያመልክት።

ፖሊስ ዘንድ መሄድ የሌላውን ልጅ ሕይወት ማበላሸት ነው ብለው የሚያመነቱ ወላጆች አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ አያደርገውም፤ ለእርሱ ተገቢውን እርምጃ የሚወስዱት ቤተሰብና ትምህርት ቤት መሆናቸውን ያመለክታል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትንም በአመዛኙ ለማረም በታሰቡ ልዩ እርምጃዎች እንጂ እንደ አዋቂ አያይዛቸውም። እንግዲህ ሕጉ ለአጥቂውም ልጅ የሚራራ ነው። ማመልከት አጥቂውንም ከባሰ ጥፋት ማዳን ሊሆን ይችላል።

የትምህርት ቤቱና የዕቅድ አውጪው ድርሻ ደግሞ ይህን የወላጅ እርምጃ የሚቀበል ሥርዓት ማቆም ነው። በየትምህርት ቤቱ ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚለጠፍ አንድ ተቀባይ መምህር ይመደብ። የአቤቱታ ባሕረ መዝገብ ይኑር። ወላጅ አደጋ አለ ብሎ በጽሑፍ ሲያመለክት፣ ተጣርቶ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አደጋ እንዳለ ተቆጥሮ በዚያው የትምህርት ቀን የጥበቃ እርምጃ ይወሰድ። ልጆቹን መለያየት ካስፈለገ ክፍል የሚቀይረው በቅድሚያ አጥቂው ይሁን፤ ተጠቂውን ማዛወር ተበዳዩን መቅጣት ነውና። ይህን የመጨረሻ ነጥብ ኦልቬውስም በመጽሐፋቸው ደግፈውታል። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የጠዋቱና የከሰዓቱ ተማሪዎች በበር ላይ የሚተላለፉበት ሰዓት ተረኛ መምህር ይመደብለት። ጉዳዩ ከባድ ሲሆን አጣሪው ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው ይጨመርበት። ብዙ የመዘገበ ርዕሰ መምህርም እንደ ደካማ ሳይሆን እንደ ትጉ ይቆጠር።

አንድ መምህር ከ60 እና ከዚያ በላይ ተማሪዎችን በሚያስተምርበት ክፍል ይህን ሁሉ ማድረግ አይቻልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። ነገር ግን ከተዘረዘሩት ውስጥ አብዛኛዎቹ የሚጠይቁት አንድ ደብተር፣ አንድ የተረኛ ዝርዝርና አንድ ኃላፊነቱን የተቀበለ ሰው ነው። የኖርዌዩ ጥናት የክፍል ብዛት ከጥቃት መብዛት ጋር አለመያያዙን ሲገልጽ የኢትዮጵያን ክፍሎች የሚያህሉትን አልለካም፤ የተቆጣጣሪ ዓይን ጥቃትን እንደሚቀንስ ያሳየው ግን በየትኛውም ግቢ ሊሞከር የሚችል ነው።

ማጠቃለያ

የኖርዌዩ መጽሐፍ ጉልበተኝነት ምን እንደሆነ አስተምሯል፤ ወላጁን ግን በትምህርት ቤቱ በጎ ፈቃድ ላይ ጥሎታል። የጃፓኑ ሕግ የወላጁን ቃል አስገዳጅ አድርጓል፤ ቃሉን የሚቀበል ታማኝ እጅ በሌለበት ግን ሕጉም ዝም ማለቱ ታይቷል። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ለወላጅ ምክር ከማብዛት ይልቅ ምክሩን ሥራ ላይ የሚያውልበትን በር መክፈት እንደሚቀድም ነው። ልጁ የተጠቃበት ወላጅ ሳይጠራ የሚገባበት፣ ሳይወቀስ የሚደመጥበት፣ ቁጥር የያዘ ወረቀት ይዞ የሚወጣበት ትምህርት ቤት ብዙ ድካም ሳይጠይቅ ሊቋቋም ይችላል። ይህ እስኪሆን ድረስ «የልጆች ጠብ ነው» የሚለው ቃል በሚነገርበት ግቢ ሁሉ የሚቀጥለው ተጠቂ ማን እንደሚሆን አይታወቅም፤ «ነግ በኔ» ማለት የሚገባው ልጁ ያልተነካበት ወላጅም ጭምር ነው።